በሚኒሞ ያለቁ ሞተሮች

አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ ጋራዥ በር ላይ አናቱ የተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ ተቀምጧል። እስከ አፉ ሞልቶ የተጠራቀመው ተፈቶ የተጣለ ቴርሞስታት ነው። የሚበዛው የቶዮታ ነው፤ የኢሱዙም ይገኝበታል። አንዳንዱ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል፣ አንዳንዱ ደግሞ ነሐሱ ገና ያበራል። ከሚያበሩት አንዱን አነሣሁና በጣሳ የፈላ ውሃ አስመጥቼ ውስጡ ከተትኩት። ጥቂት ቆይቶ በሯ ተነሥታ ወለል ብላ ተከፈተች። አውጥቼ ሳቀዘቅዛት ተመልሳ ገጠመች። ደህና ዕቃ ናት። ምንም ያልሆነችውን ነው ፈተው የጣሉት። እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ዕቃ የአንድ ሞተር ነበረች፤ እያንዳንዱ ሞተር ደግሞ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነበር።

ለምን እንደሚያወጧት ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ከልጅነቴ ጀምሮ አልተለወጠም፦ «ይቺ ለብርድ አገር ናት። እኛ አገር ሞተር ታፈላለች።» ይህችን ዐረፍተ ነገር በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ለቡ ወይም ሀና ማርያም ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ታክሲ የጠበቀ ሰው ብርዱ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ዕቃዋ ለብርድ አገር የተሠራች ናት ብንል እንኳ ብርድ አገር ማለት እኛው ነን። ይህን የሚያህል ነገር በየቀኑ በገዛ ቆዳችን እያወቅነው፣ በብርድ የሚንቀጠቀጠው መካኒክ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ የሞተሩን ሙቀት መጠበቂያ ይፈታል።

ቴርሞስታት የምትሠራው ሥራ ቀላል ነው። ሞተር ሲነሣ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ መንገዱን ዘግታ ትይዛለች። ውስጧ ያለው ሰም 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቀልጦ ይለጠጥና በሯን ይከፍታል። በዚህ ምክንያት ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቃል፤ ከሞቀም በኋላ ሙቀቱን ይዞ ይውላል። እሷ ከሌለች ግን ውሃው ገና ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ በራዲያተር ውስጥ እየዞረ ይቀዘቅዛል። ከጀሞ የተነሣች ሚኒባስ ሜክሲኮ ደርሳ ሰው እስክታራግፍ ሞተሯ ለብ ከማለት አያልፍም። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ትውላለች፣ እንደሚገባት ግን አንድም ጊዜ አትሞቅም። የሲሊንደሩ ግድግዳ ቀዝቃዛ ሲሆን ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለው ግድግዳው ላይ ያለውን ስስ ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዘይቱም ጋር ይደባለቃል። ከቃጠሎው የሚወጣው እንፋሎትም ተንኖ መውጣት ሲገባው እዚያው ውሃ ይሆናል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስታነሡ ከሥሩ የነጣ ቡናማ ዝቃጭ የምታዩት ለዚህ ነው። የፒስቶኑን ፋሻ፣ የባንኮና የቢየላ ኩሽኔታውን የሚበላው ያ ዝቃጭ ነው።

ሞተሩ መፍላቱ ግን ውሸት አይደለም። ይፈላል። የሚፈላበትን ምክንያት የሚፈልግለት ሰው ነው የጠፋው። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተር ክዳን የተሠራው ለዚህ ነው፤ ውስጡ ግፊት ይዞ የመፍያውን ልክ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ላስቲክ ሲደርቅ፣ ሽቦው ሲላላ፣ ወይም የጠፋው ክዳን በማይገጥም ርካሽ ክዳን ሲተካ ግፊቱ ይሄዳል። ያኔ ሚኒባሷ ሰው ጭና ከመካኒሳ ወደ ሳር ቤት ስትወጣ ትፈላለች። ራዲያተሩም ለዓመታት የቧንቧና የወንዝ ውሃ ሲጨመርበት ኖሮ ውስጡ በደለልና በዝገት ተደፍኗል። የውሃ ፓምፑ ቺንጋ ላልቷል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መመርመር ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ቴርሞስታቷን መፍታት ግን የሁለት ቡሎን ሥራ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቷ በታች በኩል ሌላ በር አላት፤ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው በአቋራጭ ተመልሶ እንዳይገባ የምትዘጋው እሷ ናት። እሷን ስታወጡ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ዳገት ላይ ከሚዞረው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል። ጠዋት ቀዝቃዛ፣ ዳገት ላይ ደግሞ የባሰ የሚፈላ ሞተር የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ቀጥሎ ጓርኒሲዮን ይነዳል፣ ከዚያ ቴስታታ ይሰነጠቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሕዝብ አንድ የራዲያተር ክዳን በጊዜ አልቀየረም።

ጎፋ ውስጥ የሰፈራችን ሰው የሆኑ፣ ጋሼ የምንላቸው አንድ አባት ነበሩ፤ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ወጥተው ባጠራቀሙት ገንዘብና በደረሳቸው እቁብ በተለምዶ ዶልፊን የምንላትን ሃያስ ገዙ። ሞተሯ ሦስት ኤል የሚባለው ነበር፤ 2.8 ሊትር፣ ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ተርቦ፣ በቀላል ፓምፕና በቀላል ኢንጀክተር የሚሠራ። ሰዎች ስለ ቶዮታ ብዙ ያጋንናሉ፤ ስለዚያ ሞተር የሚባለው ግን እውነት ነው። ንጹሕ ዘይትና ትክክለኛ ሙቀት ካገኘ ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ለእድሳት ሳይወርድ ይሄዳል። ቶዮታ ሃያስን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከእስያ እስከ አፍሪካ የድሀ አገር ሕዝብ ትራንስፖርት ትከሻ የሆነችው ይህቺ መኪና ናት። ጋሼም ያገኙት ያንን ነው። የዕድሜ ልክ እንጀራ፣ ለልጅ የሚተርፍ።

መኪናዋን ለሹፌር ሰጡ። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ሹፌሩ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ ናፍጣውን ራሱ ይችላል፣ የተረፈው የእሱና የረዳቱ ነው። ሹፌሩን አልወቅስም። ዛሬ ገቢውን ካላሟላ ነገ ቁልፍ ይቀማል፤ የዛሬ አምስት ዓመት ሞተሩ ምን ይሁን ምን የእሱ ጉዳይ እንዳይሆን አድርጎ ያስቀመጠው ራሱ ውሉ ነው። ባለንብረቱም በበኩላቸው ገቢው ሳይጎድል በየማታው እስከገባ ድረስ መኪናዋ ደህና ናት ብለው ያምናሉ። በሁለቱ መሃል ሞተሯ ባለቤት አልነበራትም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር የነበረበት ዘይት «ገና ነው፣ አልጠቆረም» እየተባለ ይገፋል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ደግሞ በተቀየረ በማግሥቱ ይጠቁራል፤ በመጥቆር አይለካም።

መጀመሪያ የፈላችው አንድ የፋሲካ ሰሞን ነው። ጋራዥ ስትገባ ጋሼ አብረው ሄደው ነበር። መካኒኩ በአክብሮት ነበር ያናገራቸው፦ «ጋሼ፣ አያስቡ። ይቺን እናወጣታለን፣ ከዚህ በኋላ የሙቀት ነገር አይነሣም።» እሳቸውም «አንተ ታውቃለህ ልጄ» አሉ። ምን ይበሉ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ያሳለፉት ቢሮ ውስጥ ነው። እውነትም ለጥቂት ወራት የሙቀት ነገር አልተነሣም፤ ጌጁ ከታችኛው መስመር ንቅንቅ አላለም፣ እሳቸውም ሞተሩ ዳነ ብለው ደስ አላቸው። ጌጁ ከታች መቅረቱ ራሱ በሽታ መሆኑን የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔን የሚያንገበግበኝ ያቺ ቀን ናት። ያን ዕለት አንድ የራዲያተር ክዳን ተቀይሮ፣ ራዲያተሩ ታጥቦ፣ ቺንጋው ጠበቅ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ያቺ መኪና ዛሬ መንገድ ላይ ነበረች።

ቀዝቃዛ የሚሠራ ሞተር ጠዋት አስቸጋሪ ይሆናል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። ናፍጣ የሚቃጠለው ደግሞ አየር ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። ስለዚህ የጠዋት ማሞቂያ ካንዴላዎቹ እዚህ አገር ቅንጦት አይደሉም። ዳሽቦርዱ ላይ የጥምዝምዝ ምልክት ያላት ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ጥቂት ሰከንድ መታገሥ ይበቃል። ከአራቱ ካንዴላ ሁለቱ ሲቃጠሉ ግን አይቀየሩም፤ ባትሪውና ሞተሪኖው ያንን ሸክም ይሸከሙና እነሱም ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ማታ ማታ የምታድረው ቁልቁለት ላይ ነው። ላፍቶና መካኒሳ ውስጥ በሌሊት የሚሄድ ሰው ቁልቁል ተሰልፈው፣ ጎማቸው በድንጋይ ተደግፎ የሚያድሩ ሚኒባሶችን ያያል። ጠዋት ድንጋዩ ይነሣል፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ይለቀቃል፣ ሞተሩ ተንገራግጮ በነጭ ጭስ ይነሣል።

ከተነሣ በኋላ የሚሆነው ነው ሞተሩን የሚጨርሰው። ሁለት ዓይነት ሹፌር አለ። አንደኛው ገና እንደተነሣ ነዳጅ መስጫውን ረግጦ ያስጓራዋል፤ «እንዲሞቅ ነው» ይላል። ሌሊቱን ወደ ታች ወርዶ ያደረው ዘይት በዚያ ብርድ እንደረጋ ቅቤ ወፍሯል፤ ላይ ቴስታታው ዘንድ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ብረት ከብረት ነው የሚፋተገው። አንድ ሞተር በቀን ውስጥ ከሚደርስበት መበላት ትልቁ ድርሻ የሚደርስበት በዚያች ሰዓት ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ ልክ ያኔ ይረግጠዋል። ሁለተኛው ሹፌር ጠንቃቃ ነው፣ ያዝንለታል፤ ያስነሣውና በሚኒሞ፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ ትቶት ገብቶ ቁርሱን ይበላል። ሠላሳ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ይህኛውን ማየት ይበልጥ ያመኛል፤ እየጠበቀው መስሎት ነው የሚጎዳው። የናፍጣ ሞተር በሚኒሞ አይሞቅም። የሚገባው ናፍጣ ጥቂት፣ ጭነቱ ምንም ስለሆነ ቃጠሎው ቀዝቃዛ ነው፤ ቴርሞስታቷም ወጥታለች። ጥላሸቱ ፋሻው መቀመጫ ውስጥ ይጋገራል፣ ኢንጀክተሩ አፍ ላይ ይሰበሰባል።

ትክክለኛው ነገር ከሁለቱም የቀለለ ነበር። አስነሥቶ ዘይቱ ላይ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ፣ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ጠብቆ መንቀሳቀስ። ከዚያ የሙቀት ጌጁ ከፍ እስኪል ድረስ ሳይጫኑ፣ ሳያስጓሩ፣ በዝግታ መንዳት። ሞተር የሚሞቀው ሲሠራ ነው። ዲ ፎር ዲ የሚባሉት ተርቦ ያላቸው አዲሶቹ ሃያሶች ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ ዳገት ወጥተው እንደደረሱ ወዲያው አይጠፉም። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሲሽከረከር የነበረው ተርቦ እስኪበርድ ለአንድ ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ይቆያሉ። ሚኒሞ የሚያስፈልግበት ጊዜ ይኸ ነው። እኛ ግን ጠዋት ሠላሳ ደቂቃ እናባክንና ማታ አንዲቱን ደቂቃ እንነፍገዋለን። ይህንን ለመማር ገንዘብ አይጠይቅም፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፣ ኤልሲ አይከፈትለትም።

የታክሲ ተራ ላይ ያለው ብክነትም የዚሁ ወንድም ነው። ሞተሪኖው ስለማያስተማምን ሹፌሩ ሰልፍ ላይ ቆሞ አያጠፋም። የዚህ መጠን ሞተር በሚኒሞ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ናፍጣ ይበላል። በቀን ሁለት ሰዓት እንዲህ የምትቆም ሚኒባስ በ25 የሥራ ቀን 50 ሰዓት ትቆማለች፤ ከ25 እስከ 50 ሊትር ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ናፍጣ በሊትር 100 ብር ገደማ ሲደርስ ይህ በወር ከ2,500 እስከ 5,000 ብር ይሆን ነበር። በየወሩ ከሹፌሩ ኪስ እየወጣ ጭስ የሚሆነው ይህ ገንዘብ ቢጠራቀም ባትሪም ካንዴላም ይገዛ ነበር። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ደግሞ የቆመበትን ሰዓት አይቆጥርም፤ ዘይቱ ግን ያረጃል። ስለዚህ 5,000 ሲሞላ የሚቀየረው ዘይት ካለቀ ቆይቷል።

የጋሼ ሞተር ዘይት መብላት ጀመረ፣ ሰማያዊ ጭስ አመጣ፣ ወረደ። እዚህ ላይ የሚሆነውን ደግሞ ከቅርብ አይቻለሁ። ሲሊንደሩ ሬክቲፊካ ሄዶ በ0.50 ሚሊ ሜትር እንዲሰፋ ተፈጨ። ሲመለስ ግድግዳው ላይ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጥቃቅን ጭረት ይታያል፤ ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል። ያ ጭረት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። አዲሱ ፋሻ እዚያ ጭረት ላይ እየተፋተገ ከግድግዳው ጋር ይላመዳል፤ ዘይትም የሚይዘው እሱ ነው። ፋሻው በደንብ የሚገጥመው የቃጠሎው ግፊት ከኋላ ሲገፋው ነው፤ ለዚያ ሞተሩ መጠነኛ ጭነት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የታደሰ ሞተር ተነሥቶ እንደተፈተሸ ቶሎ መንገድ መውጣት፣ በመካከለኛ ፍጥነት፣ እያፈራረቀ መነዳት አለበት። ጭረቱ የሚቆየው ለመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ነው። ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው።

እኛ ጋ የታደሰው ሞተር ምን ሆነ? «እንዲላመድ» ተብሎ ጋራዥ ግቢ ውስጥ በሚኒሞ ቀኑን ሙሉ ዋለ። በማግሥቱም እንደዚያው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ መካኒኩ በየመሃሉ እየመጣ ጆሮውን ያቀርብ ነበር፣ ጋሼም ወንበር አስመጥተው በኩራት ተቀምጠው ያዩት ነበር። ውስጥ ግን ጭረቱ ባልተቃጠለ ናፍጣና በተጋገረ ዘይት እየተሞላ እንደ መስታወት እየለሰለሰ ነበር። ፋሻው ሳይገጥም ቀረ። ሞተሩ ገና ከጋራዥ ሳይወጣ ሞቶ ነበር፣ ለሬክቲፊካው፣ ለፒስቶኑ፣ ለጉልበቱ የተከፈለው ብር ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ ባከነ። ወይ ነዶ! ያን ሞተር በዚያች ጠዋት አንድ ሰው ቀለበት መንገድ ላይ አውጥቶ እስከ ሳሪስ አቦ ደርሶ ቢመልሰው ኖሮ!

ዓመት ሳይሞላው እንደገና ወረደ። ከ0.50 ወደ 1.00። የሲሊንደር ብረት ሲፈጭ የሚሄደው አይመለስም፤ ከ1.00 በኋላ ያለው ካሚቻ፣ ማለትም አዲስ የሲሊንደር ግድግዳ፣ ማስገባት ነው። መለዋወጫውስ? ሶማሌ ተራ ሄዶ «ኦርጅናል» ያልተባለ ፋሻ ያየ ሰው የለም። ካርቶኑ ያው፣ ማኅተሙ ያው ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ላይኛው ፋሻ ላይ ያለው ጠንካራ ሽፋን በወራት ውስጥ ሲላጥ ነው። ሻጩ ሁሉ አታላይ ነው አልልም፤ ብዙው ራሱም የተታለለ ነው። ግን ፋሻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ ክፍተቱን የሚለካ መካኒክ ስንት አለ? የቴስታታውን ቡሎን በቶርክ ሬንች የሚያጠብቅስ? «ክንዴ ያውቀዋል» ይባላል። ጥሩ መለዋወጫ እንኳ ቢገኝ በግምት ሲታሰር ከመጥፎው የተሻለ ዕድሜ አይኖረውም።

ተሰሎንቄ ከተማ ውስጥ ግሪጎሪዮስ ሳቺኒዲስ የሚባል ግሪካዊ የታክሲ ነጂ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1976 ሥሪት የሆነችውን የናፍጣ መርሴዲስ 240ዲ ታክሲውን 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቷት እ.ኤ.አ. በ2004 ለመርሴዲስ ሙዚየም አስረክቧታል። ሞተሩ አላለቀም ማለት አይደለም፤ አልቋል። ግን በጊዜ እያወረደ፣ ያወረደውን በሥርዓት እያሳደሰ፣ አንዱን ከሌላው እያፈራረቀ ነበር የሚሠራው። እሱም ታክሲ ነጂ ነው፣ የናፍጣ ሞተርም ነው። ሩቅ ማየትም አያስፈልግ፤ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የኖሩ ቮልሶች ዛሬም ዳገት ይወጣሉ። ባለቤቶቻቸው የሞተራቸውን ድምፅ ያውቁ ነበር፤ ቫልቭ ሲላላ ከአልጋቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። ይህ እንክብካቤ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም። ወደ ሚኒባሱ ሲደርስ ነው የተቋረጠው፣ መኪናው የሚነዳው ሰው ንብረት መሆኑ ሲቀር።

የበለጠ የሚያበሽቀኝ ደግሞ የሚያስተምር ቦታ አለመጥፋቱ ነው። ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የአውቶ መካኒክ ትውልዶችን አፍርቷል። እዚሁ አጠገባችን ደግሞ በንፋስ ስልክ ስም የሚጠራ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ከሰፈራችን አለፍ ብሎ አቃቂ ላይ በደርግ ዘመን ማብቂያ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ ተተክሎ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ሲቋቋም በሥሩ ገባ። ትምህርት ቤቱም፣ ፋብሪካውም፣ ሺህ ጋራዥም በአንድ አቅጣጫ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠው ሳለ የራዲያተር ክዳን ላስቲክ እንኳ በዶላር ነው የምናስመጣው። መካኒክ ሆኖ የተመረቀው ልጅ ጋራዥ ሲቀጠር ቴርሞስታትን እንዲፈታ የሚያዘው ሳይመረቅ የቆየው አለቃው ነው፤ ልጁም እንጀራው ስለሆነ ይፈታል። በየዓመቱ ለቦሎ ስንሰለፍ ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል፣ ጭሱ ይታያል። ለዚያ ቀን ሲባል ብቻ መኪናው ይታጠባል፣ ይጠጋገናል። ሞተሩ በስንት ዲግሪ እንደሚሠራ የሚጠይቅ የለም።

ያ ሁሉ ዓመት ግን ዕድል ነበር። ያገለገለ መኪና በርካሽ የሚገባበት፣ የጃፓንና የዱባይ ሞተር በየሱቁ የተደረደረበት ጊዜ ነበር። «ቢያልቅ ሌላ እንገዛለን» ተባለ። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ ወዲህ ፋሻ የገዛ ሰው ዋጋውን ይናገር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ነው ሁሉም «ሞተር እንዴት ይጠበቃል?» ማለት የጀመረው። የሚጠበቀው ሞተር 1.00 ተፈጭቶ፣ ቴስታታው ተበይዶ፣ ካሚቻ ገብቶበት ካበቃ በኋላ።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ጥላቻ የለኝም፤ ለከተማችን አየር መልካም ነው። ግን ትላንት ገዝተው ቴርሞስታትና ሚኒሞ የሌለበት መኪና ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው ዛሬ የኔን ቁጭት የማይረዱልኝ። ሁሉም ሰው ያንን መግዛት አይችልም። የጀሞና የለቡ ሕዝብ ነገም በሃያስና በቅጥቅጥ ነው ሥራ የሚሄደው፤ እነዚያ ሞተሮች ነገ ጠዋትም ሊነሡ ይገባል። ተተኪ የላቸውም።

ጋሼ መኪናዋን መጨረሻ ላይ ያለ ሞተር ሸጧት። ቦዲዋን የገዛው ሰው በሮቿንና ወንበሮቿን ፈቶ ቸረቸራቸው። የባንክ ዕዳ ባይኖርባቸውም የእቁብ ዕዳ ነበረባቸው፤ ከጡረታቸው እየቆረጡ ከፈሉት። ልጃቸው ዛሬ የሌላ ሰው ሃያስ ይነዳል፣ በየማታው ገቢ ያስገባል። ያባቱን ሞተር መጨረሻ ስላየ ጠዋት ከአንድ ደቂቃ በላይ በሚኒሞ አያቆማትም፣ ጌጁ እስኪነሣም አይጫናትም። ጌጁ ግን አይነሣም፤ ቴርሞስታቷ ቀድማ ወጥታለች። ባለንብረቱን እንድትገባለት ለምኖ ነበር፤ «ገቢህን አስገባ፣ ስለ ሞተሩ እኔ አስባለሁ» የሚል መልስ ነው ያገኘው።